ምርመራው ኖርማል፣ ህመሙ ግን እውነት፦ ከሰው ወደ አይጥ የተሻገረው የፋይብሮማያልጂያ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመ አንድ ሙከራ አለ። አይጦቹ ጤነኞች ነበሩ። ቁስል የላቸውም፣ ኢንፌክሽን አልያዛቸውም። ፋይብሮማያልጂያ ከሚባለው የመላ ሰውነት ህመም ታካሚዎች ደም ተጣርቶ የወጣ ነገር በመርፌ ተሰጣቸው። ብዙም ሳይቆይ እግራቸው ትንሽ ሲጫን የሚሸሹ፣ ቅዝቃዜ የማይችሉ፣ አጥብቀው መያዝ የሚያቅታቸው አይጦች ሆኑ። እንደ ወትሮው መሯሯጥም ቀረ።

የተሰጣቸው አንቲቦዲ ነው። ሰውነታችን ጀርም ሲገባበት የሚያመርተው ያው የታወቀው ፀረ እንግዳ አካል።

ይህ ለምን ያስገርማል? ታካሚዎቹ ለዓመታት ሲሰሙ የኖሩት ሌላ ስለሆነ ነው። «ደምሽ ንጹህ ነው፣ ራጁም ንጹህ ነው፣ ትንሽ ጭንቀት ቀንሺ።» ሐኪሙ ክፋት ኖሮት አይደለም። በእጁ ያለው ወረቀት እውነትም ኖርማል ይላል። በዚያው ቀን ግን ታካሚዋ ፀጉሯን ለማበጠር ክንዷን ማንሳት አቅቷት ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ያንን ሙከራ እንደ አንድ ጉዳይ ይዤ ልመርምረው። ስለ ፋይብሮማያልጂያ በተነሳ ቁጥር «ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ነው» የሚሉና «ብግነት አይደለም» የሚሉ ይከራከራሉ። እንደኔ ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። የትኛው ግማሽ የማን እንደሆነ ደግሞ ይህ ሙከራ ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

የሚታመመው ማን ነው፣ የሚያመውስ ምኑ ነው

ፋይብሮማያልጂያ መላ ሰውነት ላይ የሚዞር፣ ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ህመም ነው። ዛሬ ትከሻ፣ ነገ ወገብ፣ ከነገ ወዲያ ጭን። ህመሙ ብቻውን አይመጣም። ስምንት ሰዓት ተኝቶ እንዳልተኛ ሰው መነሳት አለ። ሐሳብ አልሰበሰብ ይላል፣ አሁን የተባለው ነገር ይጠፋል። ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታ ይከብዳል። በብዛት የሚያዙት ሴቶች ናቸው፣ ወንዶችንም ግን አይምርም።

ለምርመራ የሚሆን አንድ ቁርጥ ያለ የደም ውጤት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው መስፈርት ሐኪሙ 18 ነጥቦችን በጣቱ እንዲጫንና ቢያንስ 11ዱ ላይ ህመም እንዲያገኝ ይጠይቅ ነበር። ከ2010 ወዲህ ነጥብ መጫኑ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። አሁን የሚታየው የህመሙ ስፋት፣ ድካሙ፣ እንቅልፉና የማሰብ ችግሩ በአንድ ላይ ነው።

ብግነትን ለመፈለግ የሚታዘዙት ሁለቱ የተለመዱ ምርመራዎች ኢ ኤስ አር እና ሲ አር ፒ ናቸው። ኢ ኤስ አር ቀላል ነገር ነው። ደሙ በቀጭን ቱቦ ይቆምና ቀይ የደም ህዋሳቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሚሊሜትር ወደ ታች እንደወረዱ ይለካል። ሲ አር ፒ ደግሞ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፤ ሰውነት ውስጥ ትልቅ ብግነት ሲነሳ በፍጥነት ይወጣል። የመገጣጠሚያ ብግነት የሆነው ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ህመሙ ሲብስበት ሁለቱም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላሉ። ፋይብሮማያልጂያ ላይ ግን በአብዛኛው ኖርማል ናቸው። ብዙ ታካሚዎች በአንድ ላይ ሲጠኑ ሲ አር ፒ ትንሽ ከፍ ብሎ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፣ ግን ከፊሉ ከሰውነት ክብደት ጋር የተያያዘ ነው። አንዲት ታካሚ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለ በዚህ ቁጥር መፍረድ አይቻልም።

መቶ ዓመት የዞረ ጥርጣሬ

ብግነት የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። እንዲያውም የበሽታው የመጀመሪያ ማብራሪያ እሱ ነበር። የለንደኑ የነርቭ ሐኪም ዊልያም ጋወርስ እ.ኤ.አ. በ1904 ስለ ወገብ ህመም ባቀረበው ንግግር ችግሩ የጡንቻ ማያያዣ ጅማቶች ብግነት ነው ብሎ «ፋይብሮሳይተስ» አለው። በዚያው ዓመት ስኮትላንዳዊው ራልፍ ስቶክማን ከታካሚዎች በተወሰደ ሥጋ ላይ ብግነት በማይክሮስኮፕ አየሁ አለ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ያንኑ ፈልገው አጡት። ጡንቻው ላይ እብጠት የለም፣ የተሰበሰበ ነጭ የደም ህዋስ የለም። በ1976 «ፋይብሮማያልጂያ» የሚለው መጠሪያ ቀረበ። ብግነትን የሚያመለክተው የስሙ መጨረሻ ወጥቶ በምትኩ ህመምን የሚያመለክት ገባ።

ሐሳቡ ላይ ሌላ ሚስማር የመታው የ1985ቱ ሙከራ ነው። 20 ታካሚዎች በቀን 15 ሚሊግራም ፕሬድኒሶን ተሰጣቸው፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን። ታካሚውም ሐኪሙም የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም። ፕሬድኒሶን ብግነትን ከሚያበርዱ ጠንካራ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ከሱም ባነሰ መጠን በጥቂት ቀናት ውስጥ ልዩነቱን ይናገራል። እዚህ ግን ከባዶው ክኒን የሚሻል ነገር አልተገኘም።

ስለዚህ ዘርፉ ዓይኑን ወደ አንጎል መለሰ። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2002 የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች የታካሚዎችን አውራ ጣት ጥፍር እየተጫኑ አንጎላቸውን በኤም አር አይ ተመለከቱ። ታካሚዎቹ «አመመኝ» ያሉበት ግፊት፣ ጤነኞች ያንኑ ያህል ህመም ከተሰማቸው ግፊት ከግማሹ ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ነበር። አንጎላቸው ውስጥ ህመም የሚያስተናግዱት ቦታዎችም አብረው በርተው ታዩ። ማለትም ሰዎቹ አላጋነኑም፤ ያመማቸው በእውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ችግሩ ያለው መልእክቱን በሚያጎላው በአከርካሪና በአንጎል ነው የሚለው አስተያየት ገዢ ሆነ። በ2017 ዓለም አቀፉ የህመም ጥናት ማኅበር እንዲህ ላለው ህመም የራሱን ምድብ ሰጠው፤ ኖሲፕላስቲክ ህመም ይባላል። የህመም ሥርዓቱ ራሱ አሠራሩ ተቀይሯል፣ ግልጽ የሆነ የአካል ጉዳት ግን የለም ማለት ነው።

አንጎል ላይ ማተኮሩ አንድ መዘዝ አስከትሏል። ሳይንሱ «የነርቭ ሥርዓቱ ስሜት ጨምሯል» ሲል ክሊኒክ ሲደርስ «ሐሳብ ነው፣ ጭንቀት ነው» ሆኖ ይነገራል። ይኸ የሳይንቲስቶቹ ጥፋት አይደለም፣ ግን ታካሚው ጆሮ የሚደርሰው እሱ ነው።

ሙከራው

ሥራው የሦስት ተቋማት ነው፦ የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ፣ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲና የስቶክሆልሙ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት። ዋናዎቹ ተመራማሪዎች ዴቪድ አንደርሰን፣ አንድሪያስ ጉብልና ካሚላ ስቬንሰን ናቸው። ደሙ የተወሰደው በብሪታንያና በስዊድን ከሚኖሩ 44 የፋይብሮማያልጂያ ታካሚዎች ነው።

ከደሙ አይ ጂ ጂ የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ተነጥሎ ወጣ። በደማችን ውስጥ በብዛት የሚገኘው አንቲቦዲ ይኸው ነው። ለማነጻጸር ከጤነኛ ሰዎች ደም የወጣ አይ ጂ ጂም ተዘጋጀ። ሌላም ሦስተኛ ማነጻጸሪያ ነበር፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። የታካሚዎቹ ደም ውሃ (የደም ህዋሳት ሲወጡ የሚቀረው ፈሳሽ) አይ ጂ ጂው ወጥቶለት፣ የቀረው ብቻ ለአይጦች ተሰጠ። ጥፋተኛው ሆርሞን ወይም ሌላ ኬሚካል ቢሆን ኖሮ እዚያ ውስጥ ይገኝ ነበር።

ከዚያ አይጦቹ ተለኩ። አይጥ የሕመም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ስለዚህ መለኪያው ባህሪው ነው። የኋላ እግሩ ላይ ቀስ እያለ የሚጨምር ግፊት ይደረግና እግሩን የሚነጥቅበት ልክ ይመዘገባል። ቀዝቃዛ ነገር ላይ ይቆምና እግሩን እስኪያነሳ የሚቆይበት ጊዜ ይያዛል። በእጁ የጨበጠውን እስኪለቅ ቀስ ተብሎ ይጎተትና ጥንካሬው በመሣሪያ ይነበባል። ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስም ይታያል።

የታካሚዎቹን አይ ጂ ጂ የወሰዱት አይጦች በሁሉም ወደቁ። ቀደም ሲል ችለውት የነበረው ግፊት አላስቆም አላቸው። ቅዝቃዜውን ቶሎ ሸሹ። ጭበጣቸው ላላ። የጤነኛ ሰው አይ ጂ ጂ የወሰዱት ምንም አልሆኑም። አይ ጂ ጂ የወጣለትን የታካሚ ደም ውሃ የወሰዱትም ምንም አልሆኑም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንቲቦዲው ከሰውነታቸው ሲወጣ፣ የታመሙት አይጦች አገገሙ።

እዚህ ላይ ተጠራጣሪ ሰው አንድ ነገር ይላል። አይጦቹ በመርፌው ተረብሸው ቢሆንስ? ስሜታቸው ተለውጦ ቢሆንስ? ተመራማሪዎቹ ለዚህ መልስ አላቸው። ከአይጡ ላይ ቁራጭ ቆዳ ከነነርቩ አውጥተው በሕይወት በሚያቆየው ፈሳሽ ውስጥ አኖሩት። ቆዳውን ይጫኑታል፣ ያቀዘቅዙታል፣ ነርቡ የሚልከውን የኤሌክትሪክ ምልክት ይመዘግባሉ። የታካሚ አይ ጂ ጂ ከወሰደ አይጥ የመጣው ነርቭ ለግፊትና ለቅዝቃዜ ከሌላው አብልጦ ይጮኻል። አስቡት፤ እዚያ ሳህን ላይ አንጎል የለም። አከርካሪም የለም። ጭንቀት የሚባል ነገር የሚያድርበት ቦታ ራሱ የለም። ነርቭና ቆዳ ብቻ ናቸው።

ከዚያም ቆዳውን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ከላይኛው ሽፋን ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የነርቭ ጫፎች ቀንሰው ተገኙ። ይህ ለብቻው የመጣ ግኝት ቢሆን ኖሮ ብዙም ላያስደንቅ ይችል ነበር። ግን በሰዎች ላይ ቀድሞ የታየ ነገር ነው። በ2013 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ27 የፋይብሮማያልጂያ ታካሚዎች በተወሰደ ቆዳ ላይ 41 በመቶው የጥቃቅን ነርቮች ጉዳት አሳይቷል። ከማነጻጸሪያዎቹ ሰዎች ይህ የታየባቸው 3 በመቶው ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የጀርመን ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር ዘግበዋል።

አንቲቦዲው የት ሄዶ ተጣበቀ?

የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው። ተመራማሪዎቹ የሰውየው አንቲቦዲ በአይጧ አካል ውስጥ የት እንዳረፈ ፈለጉ። የሚያመው ጡንቻ ነው፣ ስለዚህ ጡንቻ ላይ? የለም። ቆዳ ላይ? የለም። አንጎልና አከርካሪ ውስጥስ? እዚያም የለም። የተገኘው ከአከርካሪ አጥንቱ ግራና ቀኝ በተደረደሩ ትናንሽ የነርቭ ጉብታዎች ውስጥ ነው። ጋንግሊያ ይባላሉ። ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ስሜት ይዘው የሚመጡ ነርቮች ዋና አካላቸው እዚያ ነው ያለው። እያንዳንዱ የነርቭ ህዋስ ሳተላይት ግሊያ በሚባሉ ትናንሽ ህዋሳት እንደ ካፖርት ተሸፍኗል። አንቲቦዲው የያዘው በተለይ እነዚህን ህዋሳትና ነርቮቹን ነው። ከሰው ልጅ በተገኘ ጋንግሊያ ላይ ሲሞከርም ተጣበቀ።

ለምን እዚያ? አንዱ ምክንያት አጥሩ ነው። አንጎልና አከርካሪ ከደም ጋር የሚለያቸው ጠንካራ መከላከያ አላቸው፤ አንቲቦዲ እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም። የጋንግሊያው አጥር ግን ልል ነው። ከደም የመጣ ትልቅ ሞለኪውል ሊገባ ይችላል።

አንድ ተጨማሪ ዝርዝር አለ፣ ቀላል አይምሰላችሁ። የታካሚው አይ ጂ ጂ ከጤነኛ አይጥ በተወሰደ ነርቭ ላይ በቀጥታ ሲደረግ ነርቡን አላስነሳውም። ማለትም አንቲቦዲው እንደ መርዝ ነርቭ ነክቶ ወዲያው ህመም አይፈጥርም። ውሎ አድሮ የነርቡን ጠባይ ይለውጠዋል። በመካከል ሌላ ህዋስ፣ ምናልባትም ያው ሳተላይት ግሊያ፣ ሥራ የሚሠራ ይመስላል።

ታዲያ ይህ ብግነት ነው?

ቁርጭምጭሚታችን ሲወለም የሚሆነውን እናውቃለን። ያብጣል፣ ይግላል፣ ይቀላል፣ ያማል። ከተጎዳው ቦታ ፕሮስታግላንዲን፣ ብራዲካይኒንና ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካሎች ይለቀቃሉ። የነርቭ ጫፎቹ በነሱ ምክንያት በትንሽ ነገር ይነሳሳሉ፤ ለዚህ ነው የወለመ እግር ሲነካ የሚያመው። ኢቡፕሮፌን የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማድረግ ነው። ይህ ሁሉም ሰው «ብግነት» ሲል በልቡ የሚያስበው ዓይነት ነው።

የአይጦቹ ጉዳይ እንዲህ አይደለም። አንቲቦዲው ጡንቻውን አልነካም። የተለወጠው የነርቡ ጠባይ ነው። ሆኖም ያንን ለውጥ ያመጣው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ምርት ነው። ስለዚህ «ሰውነትሽ ተቆጥቷል፣ በኢቡፕሮፌን ይበርዳል» የሚለው ልክ አይደለም። «ምንም የለም፣ ሁሉም ከአንጎል ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። ትክክለኛው አባባል፣ በኔ እይታ፣ የመከላከያ ሥርዓቱና የነርቭ ሥርዓቱ ጠብ የጀመሩት የተለመዱት ምርመራዎች በማያዩት ቦታ ነው የሚለው ነው። ኢ ኤስ አርም ሆነ ሲ አር ፒ ጋንግሊያ ላይ የተጣበቀ አንቲቦዲ አይለኩም። ኖርማል መሆናቸው ውሸት አይደለም፤ የተጠየቁትን ጥያቄ ነው የመለሱት።

ወደዚያው ጉብታ የሚጠቁም ሌላም ሥራ መጣ። በ2023 የለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ህዋሳት ተከታተሉ። እነዚህ ህዋሳት በአይጦች ላይ ወደ ጋንግሊያ ሰርገው ገብተው ተገኙ። ሲወገዱ የአይጦቹ የህመም ስሜት ወረደ። ከፋይብሮማያልጂያ ታካሚዎች የተወሰዱ ኒውትሮፊሎች ለጤነኛ አይጦች ሲሰጡ ደግሞ ህመም አመጡ። አንዱ ቡድን በአንቲቦዲ፣ ሌላው በህዋስ፣ ሁለቱም አንድ ሰፈር መድረሳቸው ለኔ ከአጋጣሚ በላይ ይመስለኛል።

አንጎልም ቢሆን ከዚህ ታሪክ አልወጣም። በ2019 የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታልና የካሮሊንስካ ተመራማሪዎች 31 ታካሚዎችንና 27 ጤነኞችን ፔት ስካን በሚባል የምስል ምርመራ አነጻጸሩ። የአንጎል ጠባቂ ህዋሳት የሆኑት ማይክሮግሊያ ሲነቁ የሚበዛ ፕሮቲን አለ፤ እሱን ነው የፈለጉት። በታካሚዎቹ ብዙ የአንጎል ክፍሎች ውስጥ ከፍ ብሎ ታየ፣ ድካም በበረታባቸው ደግሞ ይበልጥ። ይህን «አንጎል በእሳት ላይ ነው» ብለው የሚያራግቡ አሉ። ረጋ ማለት ጥሩ ነው። ያ ፕሮቲን ማይክሮግሊያ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም፣ መጨመሩም ሁልጊዜ ጉዳት አለ ማለት አይደለም። የአከርካሪ ፈሳሽ ላይ በተሠሩ የስዊድን ጥናቶች ኢንተርሉኪን 8 የሚባለው ኬሚካል ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ በሩማቶይድ አርትራይተስ ታካሚዎች ፈሳሽ ውስጥ ጎልቶ የታየው ግን ሌላ፣ ኢንተርሉኪን 1 ቤታ ነው። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ዓይነት ብግነት እንዳልሆኑ ይህም ይናገራል።

ጉዳዩ የማያሳየው

አይጦቹ ላይ የታየው የግፊትና የቅዝቃዜ ህመም፣ የጭበጣ መላላትና የእንቅስቃሴ መቀነስ ነው። ታካሚዎችን ከሥራ የሚያስቀረው የእንቅልፍና የማሰብ ችግር በዚህ አልተብራራም። አንቲቦዲው በትክክል የሚይዘው የትኛውን ፕሮቲን እንደሆነም በዚያ ሥራ አልተለየም። ይህ ሳይታወቅ ደግሞ ቀላል የደም ምርመራ መሥራት አስቸጋሪ ነው።

ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ምን ያህል ገደል እንዳለበት ራሱ አንድሪያስ ጉብል ያውቀዋል። ከዚህ ቀደም ሲ አር ፒ ኤስ በሚባል ሌላ የህመም በሽታ ላይ ይሠራ ነበር። ይህ ስብራት ወይም ጉዳት ከዳነ በኋላ እጅ ወይም እግር ላይ የሚቀር ከባድ ህመም ነው። የነዚያ ታካሚዎች አንቲቦዲም አይጦችን ያሳምም ነበር። በዚያ ተስፋ 111 ታካሚዎች ከጤነኞች የተሰበሰበ አይ ጂ ጂ በአነስተኛ መጠን በደም ሥር የሚሰጥበት ሙከራ ተደረገ። ውጤቱ በ2017 ወጣ፤ ከባዶው መድኃኒት የተለየ ነገር አልነበረም። ሐሳቡ ውሸት ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ መጠኑም ታካሚዎቹም መንገዱም ይለያያሉ። ነገር ግን አይጥ ታመመ ማለት መድኃኒት ተገኘ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያስፈልግም።

ማይክሮግሊያን ያረጋጋል ተብሎ ብዙ የተወራለት በአነስተኛ መጠን የሚሰጥ ናልትሬክሶን የተባለ መድኃኒትም እንዲሁ። በጥቂት ሴቶች ላይ የተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች ተስፋ ሰጥተው ነበር። በ2024 የታተመው የዴንማርክ ሙከራ 99 ሴቶችን ለ12 ሳምንት ተከታተለ፣ በቀን 6 ሚሊግራም። ህመም በመቀነስ ረገድ ከባዶው ክኒን አልበለጠም።

ለታካሚው ምን ይለወጣል

ከሁሉ በፊት፣ የማይሠራውን መተው ይቻላል። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት በ2017 ባወጣው ምክር ለፋይብሮማያልጂያ ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹን፣ እንደ ፕሬድኒሶን ያሉ ስቴሮይዶችንና ጠንካራ ኦፒዮይዶችን (የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻዎችን) አይመክርም። የሆድ ቁስለት፣ የኩላሊት ጉዳት፣ የአጥንት መሳሳት የሚያመጣ መድኃኒት ለማይመለከተው ህመም ለዓመታት መዋጥ ከባድ ዋጋ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚህ በሽታ ፕሪጋባሊንን በ2007፣ ዱሎክሴቲንን በ2008፣ ሚልናሲፕራንን በ2009 ፈቅዷል። ሦስቱም የሚሠሩት ነርቭ ላይ ነው፣ ብግነት ላይ አይደለም። የሚጠቅማቸው ሰዎች አሉ፣ ግን ብዙዎች የሚያገኙት እፎይታ ልከኛ ነው።

ያ ምክር በጠንካራ ማስረጃ የደገፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የአካል እንቅስቃሴ። ይህን ሲሰሙ የሚበሳጩ ታካሚዎችን እረዳለሁ። እየታመሙ «ተንቀሳቀሱ» መባል ስድብ ሊመስል ይችላል። ቁም ነገሩ አነሳሱ ላይ ነው። ደህና በዋሉበት ቀን ሁሉንም ሠርቶ ሦስት ቀን መውደቅ የተለመደ ወጥመድ ነው። ከሚችሉት ባነሰ መጀመር፣ ደህና ቀንም ሆነ መጥፎ ቀን ያንኑ ያህል መሥራት፣ ጭማሪውን በሳምንታት እንጂ በቀናት አለማድረግ ይሻላል።

ብግነትን የሚያጠፋ አመጋገብ፣ ብግነትን የሚያጠፋ ዱቄት፣ ብግነትን የሚያጠፋ ሻይ የሚሸጡ ሰዎች እነዚህን ጥናቶች ሁልጊዜ ይጠቅሳሉ። ጥሩ መብላት ጥሩ ነው፣ ማንም አይከለክልም። የ2021ዱ ሙከራ ግን ስለ ምግብ አንድ ቃል አልተናገረም።

ሐኪሞችን በተመለከተ የበለጠ የሚያሳስበኝ መደበላለቁ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ካለባቸው ሰዎች ከአምስት አንዱ ገደማ ፋይብሮማያልጂያም አለበት። መገጣጠሚያው በርዶ፣ ሲ አር ፒው ወርዶ፣ ታካሚው ግን አሁንም ሁለንተናው ያመዋል። ይህ ካልታወቀ የብግነት መድኃኒቱ መጠን በከንቱ ይጨመራል። ተቃራኒውም አለ። ፋይብሮማያልጂያ የሚል ወረቀት ያላት ሴት መገጣጠሚያዋ ቢያብጥ፣ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ድርቅ ቢላት፣ ትኩሳት ወይም ያልታሰበ ክብደት መቀነስ ቢመጣ «ያው ነው» ተብላ መመለስ የለባትም። ኢ ኤስ አርና ሲ አር ፒ ቁም ነገር ያላቸው እዚህ ላይ ነው። ፋይብሮማያልጂያን ለማረጋገጥ አይደለም፣ ሌላውን ላለማሳለፍ ነው። የታይሮይድ ምርመራም አብሮ ቢታዘዝ ደግ ነው፤ የታይሮይድ ማነስ ድካምና የጡንቻ ህመም ያመጣል።

አሁን ተመራማሪዎቹ የያዙት ጥያቄ የትኛው ታካሚ የሚለው ነው። በ2023 የካሮሊንስካና የተባባሪዎቹ ቡድን ሳተላይት ግሊያን የሚይዘው አይ ጂ ጂ በሁሉም ታካሚዎች ደም ውስጥ እኩል እንዳልሆነ አሳየ። ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ህመማቸውም የከፋ ነበር። ከዚህ ተነስቶ አይ ጂ ጂን የሚቀንስ ሕክምና ይሞከር ቢባል፣ መጀመሪያ መለየት ያለባቸው እነሱ ናቸው። አለዚያ የሚጠቅመውና የማይጠቅመው ተቀላቅሎ ውጤቱ እንደ ሲ አር ፒ ኤሱ ሙከራ ይሆናል። መለኪያው ግን ለጊዜው የምርምር ቤተ ሙከራ ሥራ ነው፤ ከጋንግሊያ የወጡ ህዋሳትን አዘጋጅቶ የታካሚውን አንቲቦዲ እነሱ ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ማየት ይጠይቃል። ክሊኒክ ውስጥ «የፋይብሮማያልጂያ አንቲቦዲ ምርመራ እንሠራለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ምን እንደሚለካ በደንብ ጠይቁት።